ሶላር ለቤታችሁ ያዋጣ እንደሆነ በራሳችሁ እጅ የምታሰሉበት መንገድ

«ሶላር ባስገባ ያዋጣኛል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የምመልስለት በጥያቄ ነው፦ ቀን ቀን ቤታችሁ ውስጥ ሰው አለ? ጠያቂው ግራ ይጋባል። ስለ ፓነሉ ዋት ወይም ስለ ዋጋው እንዳወራ ነበር የጠበቀው። ግን የቤት ሶላር የሚያተርፈውም የሚያከስረውም በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው። ፀሐይ ኤሌክትሪኩን የምትሰጠው ቀን ነው። ብዙው ቤተሰብ መብራት የሚፈልገው ማታ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ገንዘብ ያስከፍላል። ሻጮች በሚያሳዩት ወረቀት ላይ ደግሞ ይህ ክፍተት ብዙ ጊዜ አይታይም።

የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ የአንድ ዓመት የመብራት ደረሰኝ እና የስልካችሁ ካልኩሌተር ነው። ግማሽ ቀን ይበቃል። ሻጩ ቤታችሁ ከመምጣቱ በፊት ጨርሱት። እሱ ከተቀመጠ በኋላ የሚሠራው ስሌት የእሱ ስሌት ነው።

1. ደረሰኞቹን ዘርግታችሁ ሁለት ቁጥር አውጡ

የ12 ወር ደረሰኝ ሰብስቡ። የአንድ ወር አይበቃም፤ ፍጆታ ከወቅት ወቅት ይለያያል። ከእያንዳንዱ ላይ የተጠቀማችሁትን ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም ቆጣሪው የሚቆጥረውን የኤሌክትሪክ መጠን፣ ጻፉና ደምሩ። የመጀመሪያው ቁጥር ይህ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የከፈለውን ጠቅላላ ገንዘብ ለኪሎዋት ሰዓቱ ያካፍላል። ደረሰኙ ውስጥ ግን ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም የምትከፍሉት የአገልግሎት ወይም የቆጣሪ ክፍያ አለ። ሶላር ያንን አይቀንስም። ስለዚህ ቋሚውን ክፍያ አውጡትና በአጠቃቀም ልክ የሚጨምረውን ብቻ ያዙ።

ታሪፉ በእርከን ከሆነ፣ ማለትም ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ዋጋ የሚጨምር ከሆነ፣ ሶላር መጀመሪያ የሚቀንስላችሁ ከላይኛው፣ ከውዱ እርከን ነው። ይህ ብዙ ለሚጠቀም ቤት ትልቅ ዜና ነው። በዝቅተኛው፣ በድጎማው እርከን ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ ግን ተቃራኒው ነው። በርካሽ የሚገዛን ኤሌክትሪክ በውድ መሣሪያ መተካት ይሆናል።

እግረ መንገዳችሁን አንድ ነገር አድርጉ። ቤት ውስጥ አሮጌ አምፖል ካለ ቀይሩ። 60 ዋት የሚበላውን የድሮ አምፖል ከ8 እስከ 10 ዋት የሚወስድ ኤልኢዲ ይተካዋል። ከዚህ ፈጥኖ ወጪውን የሚመልስ ሶላር አላውቅም። መጀመሪያ ብክነቱን ቀንሱ፣ ከዚያ ለቀረው ፓነል ግዙ።

2. ጣሪያው ላይ ውጡ፣ ወይም የሚወጣ ሰው ፈልጉ

400 ዋት የሚባለው ፓነል ወደ 2 ካሬ ሜትር ቦታ ይፈልጋል፤ ክብደቱ ከ20 ኪሎ ይበልጣል። ጣሪያው ይህን መሸከም አለበት። ፓነሎቹ 25 ዓመት እና ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ጣሪያው ከአምስት ዓመት በኋላ የሚቀየር ከሆነ አሁኑኑ ቀይሩት። አለበለዚያ ፓነሉን አውርዶ መልሶ ለመስቀል ሁለተኛ ትከፍላላችሁ።

ከምድር ወገብ በስተሰሜን የምትኖሩ ከሆነ ፓነሉ ወደ ደቡብ፣ በስተደቡብ ከሆናችሁ ወደ ሰሜን ቢዞር ይመረጣል። ለምድር ወገብ በቀረባችሁ ቁጥር አቅጣጫው የሚያመጣው ልዩነት ይቀንሳል። ቢሆንም ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ቢያንስ 10 ዲግሪ ያህል ይዘንበል።

ጥላን ግን አትናቁ። በፓነል ውስጥ ያሉት ሴሎች በሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። አንዱ ጥግ ላይ የወደቀ የዛፍ ወይም የውኃ ታንከር ጥላ ከሸፈነው ቦታ እጅግ የሚበልጥ ምርት ያሳጣል። ጠዋት፣ ቀትር እና ከሰዓት ጣሪያውን ፎቶ አንሱ። ጎረቤት ያለው ባዶ ቦታ ላይ ነገ ፎቅ ሊቆም ይችል እንደሆነም አስቡበት።

3. ምን ያህል እንደሚያመርት ገምቱ

ቀመሩ ቀላል ነው፦ የፓነሎቹ ኪሎዋት × የቀኑ ሙሉ የፀሐይ ሰዓት × 0.75።

«ሙሉ የፀሐይ ሰዓት» ማለት ፀሐይ የወጣችበት ሰዓት ሁሉ አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት በሚደርስ ብርሃን ተመዝኖ የሚገኝ ሰዓት ነው። ቀኑ 12 ሰዓት ቢረዝምም ሙሉው ሰዓት 4፣ 5 ወይም 6 ሊሆን ይችላል። የአካባቢያችሁን ልክ በነፃ ማግኘት ትችላላችሁ። የአውሮፓ ኮሚሽን ፒቪጂአይኤስ (PVGIS) የሚባል የኢንተርኔት መሣሪያ አለው፤ የዓለም ባንክ ደግሞ ግሎባል ሶላር አትላስ አለው። ካርታው ላይ ቤታችሁን ስትነኩ ቁጥሩን ይሰጣችኋል።

0.75 የገባው ለኪሳራ ነው። ፓነሉ ላይ የተለጠፈው ዋት የተለካው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው። ጣሪያ ላይ ቀትር ላይ ያለ ፓነል 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ከ25 በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ጉልበት ይቀንሳል። በሙቀት ብቻ ከ10 በመቶ በላይ ሄደ ማለት ነው። አቧራው፣ ሽቦው እና የፓነሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ዓይነት የሚቀይረው ኢንቨርተርም የየራሳቸውን ይወስዳሉ። ሻጩ ይህን ማባዣ ሳያስገባ ካሰላ ወረቀቱን መልሱለት።

ምሳሌ እንያዝ። ባለ 2 ኪሎዋት ሶላር፣ 5 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት፦ 2 × 5 × 0.75 = በቀን 7.5 ኪሎዋት ሰዓት። በዓመት 2,700 ያህል።

4. ምርቱን ለሁለት ክፈሉት

ዋናው ደረጃ ይኼ ነው፤ ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

ከ2,700ው ውስጥ የተወሰነው ልክ ሲመረት እዚያው ቤት ውስጥ ይበላል። ማቀዝቀዣው፣ ማጠቢያ ማሽኑ፣ የውኃ ማሞቂያው ይወስደዋል። የቀረው ወደ ዋናው መስመር ይወጣል። የመጀመሪያው ክፍል ዋጋው ሙሉ ነው፤ ልትገዙት የነበረውን ኤሌክትሪክ ተክቶላችኋል። የሁለተኛው ዋጋ የመብራት ድርጅቱ በሚከፍላችሁ ልክ ነው። እሱ ደግሞ በብዙ ቦታ ከመግዣው እጅግ ያንሳል። ምንም የማይከፈልበት ቦታም አለ።

የአንድ ኪሎዋት ሰዓት መግዣው በአገራችሁ ገንዘብ 10፣ መሸጫው 3 ነው እንበል። ሶላሩ ተተክሎ 140,000 ያስወጣል፤ ለጽዳትና ለጥገና በዓመት 1,400 ይያዝ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ በቦታቸው የራሳችሁን ተኩ።

ቀን ቀን ቤት ውስጥ ሰው አለ፣ ከምርቱ 60 በመቶውን ራሳችሁ ትጠቀማላችሁ። 1,620 × 10 = 16,200። የተሸጠው 1,080 × 3 = 3,240። ድምር 19,440። ጥገናው ሲቀነስ በዓመት 18,000 ገደማ። 140,000ው በ7 ዓመት ከ9 ወር ያህል ይመለሳል።

ሁሉም ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል፣ የምትጠቀሙት 30 በመቶ ብቻ ነው። 8,100 እና 5,670 ሲደመር 13,770። ጥገናው ወጥቶ 12,370። አሁን መመለሻው ከ11 ዓመት በላይ ሆነ።

አንድ ጊዜ ለእኔ የቀረበልኝ የዋጋ ማቅረቢያ ደግሞ ሁሉንም ምርት በሙሉ ዋጋ ነበር ያባዛው። በዚያ መንገድ ብናሰላ 27,000 ይመጣል፤ መመለሻው 5 ዓመት ይመስላል። ፓነሉ ያው፣ ጣሪያው ያው፣ ፀሐይዋም ያቺው። 5፣ 8 ወይም 11 የሚያደርገው የቤተሰቡ ውሎ ነው።

ይህ ማለት መልሱን በከፊል እናንተ ልትቀይሩት ትችላላችሁ። ማጠቢያውን ማታ ከማስነሳት ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ አስነሱት። የውኃ ማሞቂያውን ቀትር ላይ እንዲሠራ በሰዓት መቆጣጠሪያ እሰሩት። የሞቀ ውኃ በርካሽ የሚገዛ ባትሪ ነው ብላችሁ ያዙት። ከምርቱ 10 በመቶውን ከሽያጭ ወደ ራሳችሁ መጠቀም ስታዞሩ በዚህ ምሳሌ በዓመት 1,900 ያህል ታተርፋላችሁ፤ ምንም ሳትገዙ።

አንዳንድ አገር ኔት ሜተሪንግ የሚባለው አሠራር አለ። የላካችሁት ከወሰዳችሁት ላይ አንድ ለአንድ ይቀነሳል። እንዲህ ከሆነ ሁሉንም በሙሉ ዋጋ ማስላት ትክክል ነው። ግን ለስንት ዓመት ዋስትና እንዳለው በጽሑፍ ይኑራችሁ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

5. ያልተጻፉትን ወጪዎች አስገቡ

ኢንቨርተር እንደ ፓነሉ ዕድሜ የለውም። ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ መቀየሩ አይቀርም። በምሳሌያችን በ12ኛው ዓመት 25,000 ያዙለት። ፓነሉም በዓመት ግማሽ በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። እነዚህን አስገብቼ በ25 ዓመት ስሌት ሳየው የመጀመሪያው ቤተሰብ ገንዘቡ በዓመት 11 በመቶ ያህል ያፈራለታል።

ይህን ቁጥር ገንዘባችሁን ሌላ ቦታ ብታስቀምጡት ከምታገኙት ጋር አስተያዩት። ባንክ ከዚያ በላይ የሚሰጥ ከሆነ ሶላሩ በገንዘብ አያሸንፍም። ዋጋ በፍጥነት በሚንርበት አገር ግን ሌላ ነገር ይታሰባል። የመብራት ታሪፍ ሲጨምር ሶላሩ የሚያድንላችሁም አብሮ ይጨምራል፤ የገዛችሁበት ዋጋ ግን እዚያው ይቀራል። ቢሆንም «ታሪፉ በየዓመቱ ይህን ያህል ይጨምራል» የሚል ግምት ላይ የቆመ ማቅረቢያ ከመጣላችሁ፣ ጭማሪውን ዜሮ አድርጋችሁ እንደገና አስሉ። በዜሮም የሚቆም ከሆነ ጥሩ ነው።

6. የአከፋፈሉን ዓይነት መርምሩ

ሶላሩ ጥሩ ሆኖ ውሉ ሊያከስር ይችላል። ሰው ሲጎዳ ያየሁት ከፓነሉ ይልቅ በውሉ ነው።

*በጥሬ ገንዘብ፦* ከላይ ያሰላነው ይኼው ነው። ትርፉም ስጋቱም የእናንተ ነው።

*በብድር፦* ያንኑ 140,000 በ12 በመቶ ወለድ ለ7 ዓመት ብትበደሩ በዓመት 30,700 ያህል ትከፍላላችሁ። ሶላሩ የሚያድንላችሁ 18,000 ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ከ12,000 በላይ ከኪስ ትጨምራላችሁ። በጠቅላላው የሚወጣው 215,000 ይሆናል፤ መመለሻው ወደ 12 ዓመት ይሄዳል፤ ልክ ኢንቨርተሩ በሚሞትበት ጊዜ ማለት ነው። ብድሩ በ4 በመቶ ለ10 ዓመት ቢሆን ግን ዓመታዊ ክፍያው 17,300 ያህል ነው። ከሚያድነው በታች ስለሆነ ሶላሩ ራሱን ይከፍላል። ስለዚህ ከፓነሉ ብራንድ በፊት ወለዱን ጠይቁ።

*በኪራይ ወይም በውል ኤሌክትሪክ መግዛት፦* ድርጅቱ ጣሪያችሁ ላይ በራሱ ወጪ ይተክላል፤ እናንተ ወርኃዊ ኪራይ ወይም የኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ትከፍላላችሁ። «ያለ ምንም ቅድመ ክፍያ» የሚለው ቃል ደስ ይላል። ውሉ ውስጥ ዓመታዊ ጭማሪ ካለ ግን በጥንቃቄ አስሉት። በዓመት 3 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ በ20 ዓመት ክፍያውን 80 በመቶ ያሳድገዋል። ቤቱን ብትሸጡ ውሉ ምን ይሆናል? ጣሪያው ቢያፈስ ማን ያወርደዋል? በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ «ነፃ ሶላር» ተብለው ጣሪያቸውን ለ25 ዓመት ያከራዩ ባለቤቶች፣ ቤታቸውን ሊሸጡ ሲሉ የገዢው አበዳሪ ባንክ በኪራይ ውሉ የተነሳ ያቅማማባቸው ነበሩ።

*እየከፈሉ መጠቀም፦* ይህ ትንንሽ የቤት ሶላር በሞባይል ገንዘብ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ እየተከፈለ የሚወሰድበት ነው። ካልከፈላችሁ መሣሪያው ከሩቅ ይቆለፋል። ዋና መስመር ላልደረሰበት ቤት ትልቅ በር ከፍቷል። ማድረግ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ የዕለቱን ክፍያ በቀናቱ ብዛት አባዙና ቅድመ ክፍያውን ደምሩ። ከዚያ የጥሬ ገንዘብ ዋጋውን ጠይቁ። ልዩነቱ ወለድ ነው፤ ወለድ ተብሎ ባይጠራም። ከፍላችሁ ስትጨርሱ ቁልፉ ለዘለቄታው እንደሚከፈትና ባትሪው ከመጨረሻው ክፍያ በኋላም ዋስትና እንዳለው አረጋግጡ።

7. ባትሪውን ለብቻው አስሉ

ባትሪን ከፓነል ጋር በአንድ ዋጋ ጠቅልለው ሲያቀርቡላችሁ ለዩት። ፓነሉ ትርፋማ ሆኖ ባትሪው ትርፉን ሊበላው ይችላል።

ከላይ ባየነው የመጀመሪያ ቤተሰብ በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት ይሸጣል። ባትሪ ውስጥ ብናስቀምጠው ማታ 2.7 ያህል መልሰን እናገኛለን፤ ሊቲየም ባትሪ ወደ 10 በመቶ ያባክናል። 2.7 × 10 = 27። ባይቀመጥ ኖሮ 3 × 3 = 9 ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ባትሪው በቀን የሚጨምረው 18 ነው፤ በዓመት 6,570። ባትሪው 60,000 ከሆነ በ9 ዓመት ይመልሳል። የብዙ ሊቲየም ባትሪዎች ዋስትና 10 ዓመት ነው። ለጥቂት አለፈ ማለት ነው። መሸጫው ዜሮ የሆነበት ቦታ ይሻላል፤ ኔት ሜተሪንግ ባለበት ግን ባትሪ በገንዘብ ዓይን ፈጽሞ አያስፈልግም።

የሊድ አሲድ ባትሪ መግዣው ይረክሳል። ግን ከግማሽ በላይ እንዲወርድ ካደረጋችሁት ቶሎ ይሞታል፤ በየጥቂት ዓመቱም ይቀየራል። ዋጋውን በሚጠቅመው መጠን እና በሚኖረው ዕድሜ አካፍላችሁ አወዳድሩ።

አንድ ብዙ ሰው የሚያዝንበት ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ፣ ባትሪ የሌለው ከመስመር ጋር የተያያዘ ሶላር አብሮ ይጠፋል። ፀሐይ ጠራራ ብትሆንም። ኢንቨርተሩ እንዲህ የተሠራው መስመር የሚጠግኑ ሠራተኞች በእናንተ ኤሌክትሪክ እንዳይያዙ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ የምትኖሩ ከሆነ ባትሪና ለዚያ የሚሆን ኢንቨርተር ያስፈልጋችኋል። የዚያን ዋጋ ደግሞ በታሪፍ አታስሉት። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚበላሸውን ምግብ፣ የሚቆመውን ሥራ፣ ለጀነሬተር የሚገዛውን ነዳጅ ጻፉ። ዋና መስመር ለሌለው ቤትም እንዲሁ ነው፤ ሶላሩ የሚወዳደረው ለኩራዝ ጋዝ፣ ለባትሪ ድንጋይ እና ለስልክ ቻርጅ ከሚወጣው ጋር ነው። በዚህ ሚዛን ትንሽ ሶላር በጣም በፍጥነት ራሱን ሲመልስ ታገኙታላችሁ።

8. ሕጉ ቢቀየር ብላችሁ ፈትኑት

የሶላር ታሪክ በመንግሥት ደንብ የተሞላ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ከጣሪያ ለሚመጣ ኤሌክትሪክ በኪሎዋት ሰዓት 50 የዩሮ ሳንቲም ያህል ለ20 ዓመት ትከፍል ነበር። ዛሬ አዲስ የሚተክል ሰው የሚያገኘው 8 ሳንቲም ገደማ ነው። የድሮዎቹ ግን ውላቸው ተከብሮላቸዋል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ለአዲስ ተካዮች የመሸጫውን ዋጋ በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰች። ኔዘርላንድ አንድ ለአንድ ማቀናነሷን እ.ኤ.አ. በ2027 መጀመሪያ እንድታቆም በሕግ ወስናለች፤ እዚያ ቀድሞ ለተከለውም አይቀርለትም። አሜሪካ ለባለቤቶች ትሰጠው የነበረው የ30 በመቶ የታክስ ቅናሽ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ አብቅቷል።

ስለዚህ ስሌታችሁን ሁለት ጊዜ ሥሩ። አንዱን በዛሬው ደንብ፤ ሌላውን መሸጫው ዜሮ ቢሆን ብላችሁ። በሁለተኛው መመለሻው ከኢንቨርተሩ ዕድሜ በፊት ከመጣ በድፍረት ቀጥሉ። ካልመጣ ሶላሩን አሳንሱት። ቀን ላይ የምትበሉትን ብቻ የሚያመርት ትንሽ ሶላር ጣሪያውን ሁሉ ከሚሸፍነው የተሻለ ሲያዋጣ ታገኙታላችሁ።

9. ሦስት ማቅረቢያ ሰብስቡ

ከሦስት የተለያዩ ተካዮች ጠይቁ። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ስጡ፦ የዓመት ምርቱ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ነው? ከዚያ ምን ያህሉን ራሴ እንደምጠቀም ገመታችሁ? ኢንቨርተሩ ቢበላሽ የሚተካው ማን ነው፣ በስንት ቀን? የፓነሉ ዋስትና ሁለት ዓይነት መሆኑን አስታውሱ፤ አንዱ ለዕቃው ብልሽት፣ አንዱ ለጉልበቱ። 25 ዓመት ተብሎ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ የጉልበቱ ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ ያልቻለውን አሰናብቱት። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ዋጋው ይጨምራል» የሚለውንም እንዲሁ።

10. የተከሉ ዕለት ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ

ሶላሩ በተከፈተበት ሰዓት የቆጣሪውን ቁጥር እና የኢንቨርተሩን ስክሪን ፎቶ አንሱ። ለመጀመሪያው ወር በየማታው ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ ስንት ተመረተ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ከመስመር ገባ። ወሩ ሲያልቅ በ3ኛውና በ4ኛው ደረጃ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩት። ምርቱ ከገመታችሁት ከ15 በመቶ በላይ ካነሰ፣ የአየሩን ሁኔታ አመዛዝናችሁ ተካዩን በዋስትናው ውስጥ ጥሩት።